ቀይ የነበረ ዘይት

ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ከለገሃር ሽቅብ
ስምንት ነፍስ ጭነናል፣ ከኋላ የወር ቀለብ፤
ግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ አንድ ጀሪካን ዘይት፣
አራት ልጅ፣ እህቴ፣ የባለቤቴ እናት።
እማማ ዘርፈሽዋል ከፊት ተቀምጠው፣
የመነጽር ማዘዣ እንደ ዳዊት ይዘው፣
"ያ መነጽር ቤት ግን አልፈረሰም?" ይላሉ፤
ልጆቹ በብስኩት ከኋላ ይጣላሉ።

ልዑልሰገድ ይነዳል። ልዑልሰገድ ዝም ብሏል።
ከሦስት ሳምንት ወዲህ አንድ ነገር ያውቃል፤
ጠዋት ሞተር አስነስቶ ማርሹን ዲ ላይ ሲጥል
መኪናዋ ታስባለች፣
ማህተም እንደጠፋበት የወረዳ ጸሐፊ ታመነታለች፣
ከዚያ ጓ! ብላ ትሄዳለች።
"ምንድን ነው?" ስለው "ብርዱ ነው" ይለኛል።
በሚያዝያ ብርድ!
ደግሜ አለመጠየቄ ዛሬ ይቆጨኛል።

ብሔራዊ ቴአትርን አለፍን በደህና፣
ፖስታ ቤትን አለፍን፤ የሙቀት መርፌዋ ገና
መሃል ላይ ነበረች።
ጥቁር አንበሳ ጋ ስንደርስ ቀና አለች፣
ወሬ እንደ ሰማች ጎረቤት።

ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት
ያለውን ዳገት
እግረኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ባለመኪና የሚያውቀው
የያዘው ሲለቀው።

ሞተሩ ጮኸ። ጎማው አልሰማም።
ልዑልሰገድ ረገጠ፤ ሞተሩ ባሰበት፤
ጎማው አልሰማም።
ያረረ ሽሮ፣ የነደደ ጎማ የሚመስል ሽታ
ገባ በመስኮቱ፤ ቀይ መብራት በራ፣
ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ወጣ፣
ከኋላችን ያለው ታክሲ በጥሩምባ መጣ፣
ወደ ኋላም ማሽቆልቆል ጀመርን፤
አንድ ሎተሪ አዟሪ፣ ድንጋዩን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣
ከጎማው ስር ከተተና
"ዕድል ነው፣ ቁረጡ" አለን።

ስሟ ኖህ ነው የመኪናችን፤
ዳገት ላይ አረፈች፣ በውሃ ጥም።

እማማ ዘርፈሽዋል ቀበቷቸውን ሳይፈቱ
"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሉ።
"እማዬ፣ እንቁላል አውቶማቲክ አይደለም" አለ ልጃቸው።
ከቤት ከወጣን የተናገረው ይኸው ነው።

ኸይረዲን መካኒኩ ከተክለ ሃይማኖት በእግሩ መጣ፤
የካምቢዮዋን ዘይት መለኪያ መዘዘና
በነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አደረገው፣
አሸተተው።
"ይሄ ቀይ ነበረ" አለ።
ጥቁር ነው። መሃሉ ላይ የደቀቀ ብረት ያብለጨልጫል።
"ሞተርና ጎማ እኮ አይነካኩም ወንድሜ፤
የሚያነጋግራቸው ይሄ ነው፣ ሽማግሌው።
እሱ ሲቃጠል
አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ቆሞ ያያል።
ምልክት ካሳየች ስንት ጊዜዋ ነው?"

"ዛሬ ነው" አለ ልዑልሰገድ።
"ሦስት ሳምንት" አልኩ እኔ።
እኩል ነበር የተናገርነው።

ትንሹ ልጄ ናታን ከኋላ ብቅ አለና
"ዘይት እኮ አለን!" አለ፣
የወጥ ዘይቱን ጀሪካን በሁለት እጁ አቅፎ።
ኸይረዲን ብቻ ሳቀ።

እማማ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣
ናታንን እንደ ከዘራ ይዘው ዳገቱን ጀመሩ፤
እህቴም ሌሎቹን አስከትላ ወጣች፤
እንቁላሉ በእግሩ ሄደ።

ኸይረዲን የካምቢዮዋን ዋጋ ሲጠራ
ልዑልሰገድ ኮፈኑን ተደገፈ፣
የሚያቃጥል መሆኑን ረስቶ።
እኔ በሆዴ ቆጠርኩ፤
ባለፈው ወር የወጣልኝ፣ ለእሱ ያልነገርኩት
የመሥሪያ ቤት ዕቁብ፣
ሳንቲም ሳይተርፍ፣ ሳንቲም ሳይጎድል፣ እኩል።

"ምነው ዝም አልሽ?" አለኝ፣ እጁን እፍ እያለ።
ፀሐዩ አናት ይበሳል።
"ብርዱ ነው" አልኩት።